ዓይን ለመረጠው ወገብ ሲከፍል

ውበትና ጥቅም በአንድ ዕቃ ላይ ሲገናኙ ይስማማሉ ወይስ ይጣላሉ? ቢጣሉስ የትኛው ለየትኛው ሊለቅ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ስለ ሥነ ጥበብ በሚደረግ ውይይት ሁሉ ከሚነሡት ነባር ጥያቄዎች አንዱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው በታላላቅ ሥራዎች፣ ማለትም በሥዕል፣ በሐውልት፣ በሕንፃና በግጥም ላይ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ አስተሳሰብ እውነተኛነት የሚፈተነው በአደባባይ በቆመ ሐውልት ላይ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ በሚዳሰስ፣ በሚሠራበትና በሚያረጅ ዕቃም ላይ ነው። በርጩማ፣ ማሰሮ፣ የበር እጀታ፣ የመኪና ጎማ፣ እነዚህ ሁሉ ዓይንም፣ እጅም፣ ወገብም በየፊናቸው የሚፈርዱባቸው ነገሮች ናቸው።

በዛሬው ጊዜ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ባለ ሁለት ዲፈረንሻል የቅንጦት መኪና ለመግዛት የሚሄድ ሰው ከሚቀርቡለት ምርጫዎች አንዱ የቸርኬው ትልቅነት ነው። 20 ኢንች ይሁን? 22 ይሁን? ወይስ 23? ትልቁ ቸርኬ መኪናውን ግርማ ሞገስ ያላብሰዋል፤ ትንሹ ደግሞ ጉዞውን ያለዝበዋል። ሻጩ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያቀርባል፤ ገዢውም ይመርጣል።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የጥጋብ ጥያቄ ይመስላል። እንዲህ ያለውን መኪና ለመግዛት የሚችለው ሰው ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ታዲያ የጥቂት ባለጸጎች ምርጫ እንዴት የሥነ ምግባር ጥያቄ ሊሆን ይችላል የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ከዚያው ከባለጸግነቱ ይገኛል። ችግረኛ ሰው መናኛ ዕቃ ቢገዛ ፍርዱን በኪሱ ሊያሳብብ ይችላል፤ ያገኘውን እንጂ የወደደውን አልገዛምና። ሁሉን ለመግዛት የሚችል ሰው ግን በእጥረት ሊያሳብብ አይችልም። ስለዚህ ምርጫው ምንን ከምን እንደሚያስበልጥ ያለ አንዳች መሸፈኛ ገሃድ ያወጣል። አምራቹም፣ ንድፍ አውጪውም፣ ተመልካቹም በዚያው ምርጫ ውስጥ ድርሻ ስላላቸው፣ ጉዳዩ የአንድ ገዢ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ጥያቄውን በሚገባ ለመመርመር አስቀድሞ የጎማን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በአየር የሚነፋ ጎማ የተፈለሰፈው ለጌጥ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ዓላማው ሠረገላን ለመጎተት የሚያስፈልገውን ኃይል ማሳነስ፣ እንቅስቃሴውን ማለስለስና ድምፁን መቀነስ ነበር። ፈጠራው በጊዜው ሳይስፋፋ ቀረ። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ሲል የሠራውን ጎማ በ1888 አስመዘገበ። እንግዲህ የአየር ጎማ በዓለም የተስፋፋው አንድ አባት ልጁ እንዳይንገጫገጭ ከማሰቡ የተነሣ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የመኪናን ክብደት በዋነኛነት የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በላስቲኩ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። በጎማ ጎን ላይ የሚታተሙት ቁጥሮች ለዚህ አየር ምን ያህል ቦታ እንደተተወለት ይናገራሉ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ወርድ በሚሊ ሜትር ያመለክታል፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚገጠምበትን ቸርኬ በኢንች ይገልጻል። 275፣ 55፣ 20 ተብሎ የተጻፈበት ጎማ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የጎን ቁመት አለው። 285፣ 45፣ 22 የተባለው ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። 285፣ 40፣ 23 ለተባለው የሚቀረው 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የሦስቱም ጠቅላላ ቁመት ግን ከሞላ ጎደል አንድ ሲሆን 81 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በመሆኑም በተለምዶ «ትልቅ ጎማ» ሲባል ያደገው ብረቱ ነው፤ ጎማውስ ቀጥኗል። መኪናው ከመሬት ከፍ አላለም፤ ብረቱ ያገኘውን ስፍራ አየሩ አጥቷል።

ይህ ለውጥ በመንገድ ላይ ምን ያስከትላል? መንኮራኩሩ የጉድጓድን ጠርዝ ሲመታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታጠፈው የጎማው ጎን ነው። የቀረው ምት ነው ወደ ሞላውና ወደ አሞርዛተሩ የሚተላለፈው። ጎኑ አጭር በሆነ ቁጥር የሚታጠፍበት ስፍራ ስለሚያንስ ምቱ ሳይለዝብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉድጓዱ የከፋ እንደሆነም ቸርኬው ራሱ ይጎብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ከዚህም በላይ ትልቅ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ክብደት ይጨምራል። ከሞላው በታች ያለው ክብደት ሲጨምር መንኮራኩሩ የመንገዱን ወጣ ገባ እየተከተለ በፍጥነት መነሣትና መውረድ ያዳግተዋል። የመንገዱ ጥቃቅን ስንጥቅና የድልድይ መጋጠሚያ ሁሉ ወንበር ድረስ ዘልቆ የሚሰማው ስለዚህ ነው።

ለትልቁ ቸርኬ የሚከራከሩ ሰዎችም ማስረጃ የላቸውም ማለት አይደለም። አጭር የጎማ ጎን በመታጠፊያ ላይ ብዙ ስለማይዘም መኪናው ለመሪው ቶሎ ይታዘዛል። ሰፊ ቸርኬ ለትልቅ ፍሬን ቦታ ይሰጣል፤ ከባድና ፈጣን ለሆነ መኪና ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን የሚዛን ጉዳይ አለ። ቁመቱ ከፍ ያለና ጎኑ ሰፊ የሆነ አካል በትናንሽ መንኮራኩሮች ላይ ሲቀመጥ በቀጭን እግር የቆመ ከባድ ሣጥን ይመስላል። ይህን ስለሚያውቁ የመኪና ንድፍ አውጪዎች ገና በመጀመሪያው ሥዕላቸው ላይ መንኮራኩሩን ትልቅ አድርገው ይሥላሉ። ይህን የዓይን ፍርድ የከንቱ ውዳሴ ፍለጋ ነው ብሎ መናቅ ተገቢ አይሆንም። ሰው እንጀራን ብቻ ሳይሆን ውበትንም ይራባል፤ መልካም ሚዛን ያለው ነገር ማየትም የዚህ ረኀብ አንዱ ማስታገሻ ነው።

ይሁን እንጂ ውበት በቸርኬ ትልቅነት ብቻ ይገኛል ማለት ሌላ ነገር ነው። በዚህ ረገድ የሬንጅ ሮቨር ታሪክ አስተማሪ ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ አገር ለገበያ ሲቀርብ ቸርኬው 16 ኢንች ነበር። በመሐንዲሱ በቻርልስ ስፔንሰር ኪንግ መሪነት ሲሠራ፣ አብዛኞቹ የዘመኑ የመስክ መኪኖች በባሌስትራ ላይ ተቀምጠው ሳለ እርሱ በአራቱም መንኮራኩሮች ላይ እንደ ልብ የሚለጠጥና የሚጨመቅ ጥቅል ሞላ ተገጠመለት። ወለሉም ጭቃ ሲነካው በውኃ እንዲታጠብ ተደርጎ ነበር። ለሥራ የታሰበ፣ ጌጥ ያልበዛበት መኪና ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ በማግስቱ ዓመት፣ በ1971፣ በፓሪስ በሉቭር የኢንዱስትሪ ንድፍ አርአያ ተብሎ ለሕዝብ እይታ ቀረበ። የጥበብ ዳኞች ውበቱን ያዩት የቸርኬውን ብረት ለክተው አልነበረም፤ ቅርጹ ለተሠራለት ተግባር ባሳየው ታማኝነት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ለሆነው ለዚሁ መኪና አዲስ ትውልድ እስከ 23 ኢንች የሚደርስ ቸርኬ ቀርቦለታል። እርግጥ የመኪናው አካልም አብሮ አድጓል፤ ፍጥነቱና ክብደቱም ጨምሯል። ነገር ግን በ51 ዓመት ውስጥ የመጣውን የ7 ኢንች ዕድገት ሁሉ የተግባር አስፈላጊነት አምጥቶታል ለማለት አይቻልም፤ ያው መኪና በትንሹ ቸርኬም ደኅና አድርጎ ይሄዳልና። ከአስፈላጊው በላይ ያለውን ያመጣው ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ ጠባዩ ነውና ትናንት ትልቅ ያለውን ዛሬ ትንሽ ይለዋል።

ውበትና ምቾት መጣላት ግዴታቸው እንዳልሆነ የሚያስረዳ ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሲትሮኤን ዲ.ኤስ. በዘይትና በጋዝ ኃይል የሚሠራ ተሸካሚ ሥርዓት ስለነበረው በለስላሳ አካሄዱ ስመ ጥር ሆነ። በቅርጹም ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ውብ መኪኖች ጋር ይቆጠራል። የዚህ መኪና የኋላ መንኮራኩር በአካሉ ሽፋን በከፊል የተጋረደ ነበር። ንድፍ አውጪዎቹ ውበትን ሲፈልጉ መንኮራኩሩን ማጉላት ሳይሆን መሸሸግ መርጠዋል።

የጥያቄውን ሥር ለማግኘት ግን ከመኪና በፊት ወደነበረው የጉዞ ባልደረባ መመለስ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ የቀድሞ መኳንንት ለጉዞ የሚመርጡት ሰጋር በቅሎ ነበር። ሰጋር የተባለችውም ተቀማጩን ሳታንገላታ፣ ውኃ እንደያዘ ሰው ተጠንቅቃ ስለምትረግጥ ነው። ከዚያ በኋላ ግላሱ ይለብሳል፤ ኮርቻው ይጫናል፤ መጣብሩም ያብለጨልጫል። ጌጡ ብዙ ነበር፤ ለታይታ መሆኑንም የሚክድ የለም። ሆኖም ጌጡ ሁሉ የሚያርፈው ከስገራዋ ውጭ ነው። መጣብሩ ቢያምርም ባያምርም የእግሯ አጣጣል ያው ነው። መጣብሩ አምሮ እንዲታይ ሲል የበቅሎዋን ቁርጭምጭሚት የሚያሳጥር ጌታ አልነበረም።

ከዚህ በመነሣት ጌጥን በሁለት መክፈል ይቻላል። አንደኛው ተጨማሪ ጌጥ ነው፤ በተሸካሚው አካል ላይ ይታከላል እንጂ ከእርሱ ምንም አይወስድም። ሁለተኛው ነጣቂ ጌጥ ነው፤ ስፍራውን የሚያገኘው ከተሸካሚው ቀንሶ ነው። የመኪናው ቀለም፣ የወንበሩ ስፌት፣ የመብራቱ ቅርጽ ከመጀመሪያው ወገን ይመደባሉ። ከተግባሩ ወሰን አልፎ ያደገ ቸርኬ ግን ከሁለተኛው ወገን ነው። እያንዳንዱ የሚያብረቀርቅ ኢንች የተገኘው ከማይታየው አየር ላይ ተቆርጦ ነው። አየሩም ስለማይታይ የሚከራከርለት ጠበቃ የለውም፤ ዓይን ያላየውን አይመርጥምና።

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው የንድፍ ጥያቄ ነበር። የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው «ማን መረጠ? ማንስ ከፈለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። መኪና የሚመረጠው ቆሞ ነው፤ የሚኖርበት ግን ተቀምጦ ነው። በማሳያ አዳራሽ ወለሉ ልሙጥ፣ መብራቱ ደማቅ ነው፤ መኪናው አይንቀሳቀስም፤ ገዢው ዙሪያውን እየዞረ ያያል። በዚያች ሰዓት የመንገዱ ጉድጓድ የለም፤ ወገብም ዝም ይላል። ግዢው ተፈጽሞ መኪናው መንገድ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ባለቤቱ ከውስጥ ስለሚቀመጥ የወደደውን ቸርኬ አያየውም፤ የሚሰማው ንቅናቄውን ብቻ ነው። ቸርኬውን የሚያየው መንገደኛው ነው፤ የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው።

ከተሳፋሪዎቹም መካከል እኩል የሚከፍሉ አይደሉም። መሪውን የያዘው ሰው ጉድጓዱን ቀድሞ ስለሚያይ ሰውነቱን ያዘጋጃል፤ ቢፈልግም ያዘግማል። ከኋላ የተቀመጡት አሮጊት እናት፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ በሽተኛ ወይም እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ግን ምቱን የሚያውቁት ከደረሰ በኋላ ነው። ቸርኬው ሲመረጥ አልተጠየቁም፤ ዋጋው ሲከፈል ግን እነርሱም ተቆጥረዋል። የደንሎፕ ጎማ የተጀመረው ለአንድ ሕፃን ሲባል እንደነበረ ያስታወሰ ሰው፣ ሌላው ሕፃን በኋላ ወንበር ላይ ለውበት ሲባል ሲንገጫገጭ ታሪኩ ምን ያህል እንደተጠማዘዘ ይገነዘባል። «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የተነገረው በሰው ጠባይ ላይ ቢሆንም፣ ለማያውቀው መንገደኛ ግርማን፣ ለቤተሰቡ ደግሞ መንገጫገጭን የሚያድል ምርጫን ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ቃል አይገኝለትም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። መኪናው ውስጥ የሚቀመጡት አምስት ሰዎች ናቸው፤ የሚያዩት ግን በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለሺሁ ደስታ የአምስቱ ጥቂት መጎሳቆል ይብዛልን? ውበት የጋራ ሀብት ከሆነ ባለ መኪናው ለጎዳናው ያበረከተው ስጦታ ነው ሊባል ይችላል። ክርክሩ መልክ አለው፤ ሚዛኑ ግን የተስተካከለ አይደለም። መንገደኛው የሚያገኘው የቅጽበት እይታ ነው፤ ቸርኬው በ2 ኢንች ቢያንስበት የጎደለበት መኖሩንም አያውቅም። ተሳፋሪው የሚቀበለው ግን በየመንገዱ፣ በየቀኑ፣ በገላው ነው። ደግሞም ስጦታ ስጦታ የሚሆነው ከሰጪው ኪስ ሲወጣ ነው። በሌላው ወገብ የተከፈለ ስጦታ ቸርነት ሊባል አይችልም።

ሌላው መከራከሪያ ከዕደ ጥበብ ዕድገት የሚመነጭ ነው። የቴክኒክ ችሎታ ይህን ጠብ አስታርቆታል፤ ትልቁን ቸርኬ የሚገዛ ሰው የአየር ሞላና ራሱን በራሱ የሚያስተካክል አሞርዛተር አብሮ ያገኛል ይባላል። በእርግጥም ሬንጅ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1992 የአየር ሞላ ሥራ ላይ አውሏል፤ ከዚያም ወዲህ ዘዴው እየተሻሻለ ሄዷል። የሚደነቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የአየር ሞላ ይበልጥ የሚበረታው በረጅሙና በቀስታ በሚመጣው ማዕበል ላይ ነው፤ አጭሩንና ስለታሙን ምት ከሁሉ አስቀድሞ ሊቀበለው የሚገባው አሁንም የጎማው ጎን ነው። ነገሩ በሌላ በኩል ሲታይም ያስገርማል። ገዢው አየርን ከጎማው ለማስወጣት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ያንኑ አየር በሞላው በኩል ለማስገባት ደግሞ ሁለተኛ ይከፍላል። በኤሌክትሪክ ለሚሠሩ መኪኖች ሦስተኛ ክፍያም አለ፤ በርካታ አምራቾች ያው መኪና ትልቁን ቸርኬ ሲገጠም በአንድ ሙሌት የሚጓዘው ርቀት እንደሚቀንስ ራሳቸው በመግለጫቸው ያስታውቃሉ።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ነው። ምቾትስ ቢሆን የሕይወት ሁሉ ግብ ነውን? ከውበት ጋር ኑሮ ጥቂት መቸገርን የመረጠ ሰው፣ ሁልጊዜ ለስላሳውን ብቻ ከሚሻ ሰው አይሻልምን? ይህን ጥያቄ አቃልሎ ማለፍ አይገባም። ሰው ለሚወደው ነገር የሚቀበለው ችግር ክብር ነው፤ የሥነ ጥበብም ታሪክ በእንዲህ ያለ ፈቃደኛ ችግር የተሞላ ነው። ነገር ግን ክብሩ ያለው በፈቃደኝነቱ ላይ ነው። ለመልኩ ሲል ጠባብ ጫማ የሚያደርግ ሰው የሚከፍለው በራሱ እግር ነው፤ ቢያነክስም ነጻ ሰው ነው። ያንኑ ጫማ ለልጁ የሚያጠልቅለት ሰው ግን የልጁን እግር ለራሱ ዓይን መሥዋዕት አድርጓል። ብቻውን የሚነዳና የመንገዱን ጡጫ ከቸርኬው ውበት ጋር አስተያይቶ ወድጄ ተቀብያለሁ የሚል ሰው ወቀሳ አይገባውም። የሚወቀሰው ምርጫ መራጩና ከፋዩ ተለያይተው ሳለ መራጩ ይህን ልብ ያላለበት ምርጫ ነው።

ይህ ፍርድ ከመኪና አልፎ ቅርጽን የሚያበጅ ሰውን ሁሉ ይመለከታል። ቤት ለመምታት ሲል ሐሳቡን የሚያጣምም ገጣሚ፣ ፊት ለፊቱ እንዲያምር ሲል የክፍሉን መስኮት የሚያጠብ የሕንፃ ነዳፊ፣ ገጹ ንጹሕ መስሎ እንዲታይ ፊደሉን ዓይን እስኪያመው ድረስ የሚያሳንስ የመጽሐፍ አዘጋጅ፣ ሁሉም የነጣቂ ጌጥ ሠራተኞች ናቸው። በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ እንደ ጎማው አየር የማይታይ፣ ግን ሸክሙን የያዘ ነገር አለ። በግጥም ትርጉም ነው፤ በቤት ብርሃን ነው፤ በመጽሐፍ የአንባቢው ዓይን ዕረፍት ነው። ጥሩ ሠራተኛ ጌጡን ከዚህ ተሸካሚ ላይ ሳይቆርጥ የሚጨምርበትን ስፍራ ፈልጎ ያገኛል፤ መቁረጥ ግድ ቢሆንበት እንኳ ጎዶሎው ማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይጠይቃል።

በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መለኪያ ቀላል ነው። ቸርኬውን ለመምረጥ የሚሻ ሰው መኪናውን ከውጭ ዞሮ ካየ በኋላ የኋላውን በር ከፍቶ ይቀመጥ፤ ሌላ ሰውም ልሙጥ ባልሆነ መንገድ ላይ ይንዳለት። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖም ትልቁን ቸርኬ ከወደደ ይውሰደው፤ ዋጋውን አውቆ መርጧልና። ካልወደደው ግን በትንሹ ቸርኬ ያጣው ውበት እንደሌለ ይወቅ። ተሳፋሪውን ሳይጎዳ የሚያደርስ መኪናም የራሱ የሆነ መልክ አለው፤ ይህን መልክ ለማየት ከመንገዱ ዳር መቆም ሳይሆን ከጉዞው መጨረሻ ላይ ሰዎቹ እንዴት ሆነው እንደሚወርዱ መመልከት ያስፈልጋል።